የቱቦው ጤዛ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ፤

የእንቅልፍ መተንፈሻ ማሽኑን ከመስከረም ወዲህ ፊቴ ላይ አድርጌው አላውቅም።

እንደምን አለሽ ሳልል ይህን ያስቀደምሁት፣ ሰላምታ ከጀመርሁ በሰላምታው ሾልኬ እንደማመልጥ ስለማውቅ ነው። ስትደውዪ «አባባ፣ አድርገውት ነው የሚተኙት?» ትዪኛለሽ። እኔም «አዎ፣ እንደ ሕፃን ነው የሚያስተኛኝ» እልሻለሁ። ውሸቴን ነው። ማሽኑ የእናትሽ ልብስ ባለበት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። ከወተትና ከቅቤ ተከልክዬ በገዛ ልጄ ላይ እየዋሸሁ መጾም ከበደኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ያስቅሽ ይሆናል። በስልክ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይቀድመኛል፤ ደህና ነኝ ብሎልሽ ይዘጋል። በወረቀት ግን እጄ ዘገምተኛ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ላቆመ ሰው አንድ መስመር መጻፍ ራሱ ሥራ ነው፤ ሥራ ላይ ደግሞ መዋሸት አልለመድሁም።

አንቺስ እንደምን ነሽ? የድሬዳዋ ሙቀት በረድ አለላችሁ?

ለምን ተዉት ትዪኝ ይሆናል፦ ውሃ ነው ያስተወኝ። አንቺ ቤት ሳለሁ ቱቦው ደረቅ ነበር። እዚህ ክረምቱ ወጥቶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ግን ቱቦው ማላብ ጀመረ። ዓይኔን ስከድን እንደ ጋያ ይንቦቀቦቃል። ገልበጥ ያልሁ እንደሆነ ደግሞ ውሃው ተሰብስቦ በማስኩ በኩል አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። ዕድሜዬን ሙሉ ሐይቅ ላይ ኖሬ አንድ ቀን ሰጥሜ አላውቅም፤ አልጋዬ ላይ ሰጠምሁ። ቱቦው ውስጥ የሚሞቅ ሽቦ አለ ብለሽኛል። ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ቱቦ አፍንጫዬ ድረስ ሲመጡ ዝም ብዬ ልተኛ? ሙቀቱን አጠፋሁት። ካጠፋሁት በኋላ ውሃው ባሰበት። ቢቸግረኝ ሁሉንም ነቅዬ ሣጥን ውስጥ ከተትሁት።

የፈራሁት ሁለተኛውን ጥያቄሽን ነው። ሐይቁ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ያውቅ እንደሆነ ጠይቀሻል። አንድ ጊዜ። ከዘጌ ስንመለስ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ እስኪያልቅ የሚያህል። የነቃሁት ጀልባው ደንገል ውስጥ ሲገባ ነው። ተሳፋሪዎቹ ወፍ ላሳያቸው የገባሁ መስሏቸው ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሡ ነበር። አንዱማ «ካፒቴን፣ እግዜር ይስጥልን» ብሎ አመሰገነኝ።

እናትሽ እያለች ማሽን አላስፈለገኝም። ትንፋሼ ሲቆም በክርኗ ጎኔን ትጎስመኛለች። «አለበል፣ ተንፍስ» ትላለች፣ እተነፍሳለሁ፣ ሁለታችንም መልሰን እንተኛለን። ጧት አንዳችንም አናስታውሰውም። አሁን ጎኔን የሚጎስም የለም።

ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ትልቁን ጀልባ የምይዘው ዘንድሮም እኔ ነኝ። የጀልባ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ገድሉ «ከአንተ ሌላ ለማን እሰጣለሁ?» አለኝ፤ እኔም እሺ አልሁት። ቁልፉ እንደምታውቂው ከማዕተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው። ያን ሁሉ ነጭ የለበሰ ሰው ከነልጁ አሳፍሬ መሐል ሐይቅ ላይ ያ አቡነ ዘበሰማያት ቢመጣብኝ ብዬ አስባለሁ። ሐሳቡን እስከ መጨረሻው አላደርሰውም።

ለገድሉ እንዳትነግሪብኝ።

አባትሽ አለበል


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፀደንያ፤

ትቆጪኛለሽ ብዬ ነበር፤ አለመቆጣትሽ አስፈራኝ። ደብዳቤሽ እንደ ደረሰኝ ሣጥኑን ከፈትሁ። ቱቦው በእናትሽ ጋቢ ላይ ተጠምጥሞ እንደ እባብ ተኝቷል።

ሽቦው ውስጥ ያለው ኃይል ትንሽ ነው፣ ሰው አይነዝርም ብለሽ ስለማልሽልኝ፣ አማትቤ ሙቀቱን መልሼ ከፈትሁት። የእርጥበቱንም ቁጥር አንቺ ካስቀመጥሽው ዝቅ አደረግሁት። ስለ ድስት ክዳን የጻፍሽልኝ ገብቶኛል፤ ትኩስ እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ውሃ ይሆናል። ጥሩ ነገር ነው የነገርሽኝ። ውሃው ቀንሷል። አልጠፋም።

መስኮቱን ይዝጉ ያልሽው አይሆንልኝም። ነፋሱን ተኝቼ ካልሰማሁት ጧት የሐይቁን ጠባይ በምን አውቃለሁ? እናትሽም ዕድሜዋን ሙሉ ዝጋው ስትለኝ ነው የኖረች።

ማሽኑን ከአልጋው ዝቅ አድርገው መሬት ያስቀምጡት ያልሽውንም አልቻልሁም። አሁን ያለው ከራስጌዬ በላይ፣ ሥዕለ አድኅኖው ካለበት መደርደሪያ ላይ ነው። መሬት ላይ አይጥ አለ። ወለሉም ይቀዘቅዛል። ደግሞ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ነው። ቦታው እዚያ ላይ ነው፣ በቃ።

ምን ዓይነት ውሃ ነው የሚጨምሩት ብለሻል። ንጹሕ ውሃ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ውሃ የለም።

ከቱቦው የሚወጣውን የት ይደፉታል ብለሻል። አልደፋውም። በሃይላንድ ጠርሙስ አጠራቅመዋለሁ። ይህን ለምን እንደምታጠያይቂኝ አላወቅሁም።

አንድ የሚያስቅ ልንገርሽ። ጎረቤታችን እናትዓለም በማለዳ በሶ ልትሰጠኝ በሩን ገፋ ብታደርገው፣ ማስኩን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አገኘችኝ። «ውይ ጋሽ አለበል! ዝሆን ሆነው አደሩ እንዴ?» አለች። ወዲያው ደነገጠችና «ይቅርታ ጋሼ፣ አፌ አያርፍም» አለች። እኔም ኩምቢዬን ነቅዬ በሶዬን ተቀበልኋት። እስከ ማታ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶት ነበር፤ ዳቦ ቤት ስሄድ «ዝሆኑ መጣ» ይላሉ።

ሐይቁስ ብለሻል። ሐይቁ ደህና ነው። ፀሐይ ሲጠነክርብኝ እጄን እየነከርሁ ፊቴን እረጫለሁ። መዝሙረ ዳዊት እደግማለሁ። ከገድሉ ጋር ብዙ አትደዋወሉ፤ ሥራ ይበዛበታል።

አባትሽ


ባሕር ዳር፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፀደንያ፤

ሁለት ጥያቄ ጽፈሽ በአንድ አንድ ቃል ይመልሱልኝ ብለሻል።

የመጀመሪያው መልስ፦ ጠበል።

የሁለተኛው መልስ፦ አዎ።

ከዚህ በታች ያለው ለእኔ ማስተንፈሻ ነው፤ ካልፈለግሽ አታንብቢው።

ማሽኑ ውስጥ የምጨምረው ውሃ የሚካኤል ጠበል ነው። እስትንፋስ የእግዚአብሔር ናት፤ በእርሱ ውሃ ብትርስ ምን ክፋት አለው ብዬ ነው። ጠበል ጫማ ከሚወልቅበት ወለል ላይ አይቀመጥም፣ ስለዚህ ከፍ አድርጌ ከሥዕሉ አጠገብ አኖርሁት። ጠበል እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም፣ ስለዚህ ከቱቦው የወጣውን በጠርሙስ አጠራቀምሁት። አሁን መደርደሪያው ላይ ጠርሙሶቹ ከሥዕሉ በዝተዋል። ላንቺ መናገሩ ያሳፈረኝ ጠበል መጠቀሜ አይደለም። «አባባ፣ ይህ የሆስፒታል ዕቃ ነው» ብለሽ እንዳትስቂብኝ ነው። ሳቅሽ?

ውሃው ፊቴ ላይ ሲረጭ ደግሞ በጤና አላየሁትም። ቄስ ጠበል ሲረጭ የሚያናዝዝ ነገር አለ። «ያን አልተናገርህም፣ ያን ደብቀሃል» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ማስኩን አወልቅና ተቀምጬ አድራለሁ። ጧት ቁልፉን ይዤ እወጣለሁ።

አሁን ሁለተኛው። ገድሉ ለገና ደውሎ «መሪው ተጣብቆበት አንድ ታንኳ ገጨ፣ አይዞሽ፣ ሰው አልሞተም» እንዳለሽ ጽፈሽልኛል። እንደዚያ ያለሽ እኔ እንደዚያ ስላልሁት ነው። መሪው አልተጣበቀም። ተኝቼ ነበር።

እንዴት እንደ ነበር አትጠይቂኝ። የማስታውሰው ጩኸቱን ነው፤ እሱም ካለፈ በኋላ ያለውን።

የታንኳው ባለቤት አዘዘ ይባላል። ከዘጌ በኩል አሳ እያመጣ የሚሸጥ ነው። ክንዱ ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል። ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ሄድሁ። «የብረት ነገር ምን ይታመናል ጋሽ አለበል፣ አይዘኑ» አለኝ። አጽናናኝ። እኔን! ብርቱካኑን ልጦ አካፈለኝ፤ ባንድ እጁ። በላሁ።

ገድሉ መሪውን ሁለት ጊዜ አስፈትቶ ገመዱን አስቀየረ። ምንም አላገኘም። «አለቤ፣ ይህ መሪ ከአንተ በቀር ምንም በሽታ የለበትም» ብሎ ቀለደ። እኔም ሳቅሁ። ሥራ ላይ መዋሸት አልለመድሁም ብዬ ጽፌልሽ ነበር። አሁን ለምጃለሁ።

ለእሱ ትደውዪለት ይሆን? እወቀው ብለሽ ትነግሪው ይሆን? ብትነግሪው ምን እንደምልሽ አላውቅም። ቁልፉን ከወሰደብኝ ጧት ተነሥቼ የት እንደምሄድ አላውቅም፤ ይህንንም አልደብቅሽም።

አባትሽ


ድሬዳዋ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፤

ሳቅሽ ወይ ላሉኝ፦ አዎ፣ ጠበሉ ላይ ስደርስ ሳቅኩ። ታንኳው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ወደ ሥራ ገባሁ። ለአንዱ በሽተኛ የሌላውን መድኃኒት ልሰጥ ስል ጓደኛዬ እጄን ያዘችኝ። እንግዲህ በእኛ ቤት ተኝቶ የሚሠራው እርስዎ ብቻ አይደሉም።

ጥፋቱም የእርስዎ ብቻ አይደለም። ማሽኑን ያስተካከልኩት ለድሬዳዋ ሌሊት ነው። እዚህ ጉሮሮዬ ደረቀ ሲሉኝ እርጥበቱን እስከ ላይ ከፈትኩልዎ፤ ከሐይቅ ዳር መስኮት ከፍተው እንደሚተኙ የማውቅ ልጅ፣ ረሳሁት። ያ ውሃ ተግሣጽ አይደለም አባባ። ጤዛ ነው። እኔ ያመጣሁት ጤዛ። እኔን ይቆጡኝ እንጂ ራስዎን አይቅጡ።

ስለ ጠበሉ ምንም አልልም። እኔ የማውቀው፣ ከምንጭ የተቀዳ ውሃ እዚያ ውስጥ ሲከርም ሳንባ የሚጎዳ ነገር እንደሚያበቅል ነው። ከፋርማሲ የተጣራ ውሃ ይግዙ። ጧት ጧት የተረፈውን ደፍተው ይጠቡት፣ ቱቦውንም ሰቅለው ያድርቁት። ጠበሉን የት ላድርገው የሚለውን አባ ሀብተ ሥላሴን ይጠይቁ። የንስሐ አባትዎ እሳቸው ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

ቱቦውን ጨርቅ ያልብሱት። ብርድ ልብስ ውስጥ ያስገቡት። መስኮቱንም ይዝጉ፤ ነፋሱን ጧት ወጥተው ይስሙት።

ለገድሉ ትደውዪ ይሆን ላሉኝ፦ አሁን አልደውልም። ጋሼ ገድሉ ከእርስዎ አፍ ይስማው። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ ማሽኑ በደንብ ቢሠራ እንኳ፣ እሱ አይቶ እስኪፈቅድልዎ ድረስ መሪ መያዝ የለብዎትም ብሏል። እስከ ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ እጠብቃለሁ። ያን ጊዜ ካልነገሩት እኔ እነግረዋለሁ። ልጄ አይደለሽም ቢሉኝም እነግረዋለሁ።

ከድሬዳዋ ሆኜ ክርኔ ጎንዎ ድረስ አይደርስም። ይህን ደብዳቤ እንደ ክርን ይቁጠሩልኝ።

ፀደንያ


ባሕር ዳር፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ፤

ክርንሽ ደርሶኛል። ጎኔ ላይ ነው ያረፈው። የእናትሽን ትመስላለች፤ ሹል ናት።

አባ ሀብተ ሥላሴን ይጠይቁ ብለሽኝ ነበር። ሄድሁ። ጠርሙሶቹን በዘንቢል ተሸክሜ። ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ልሔሙ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ዘንቢሉን አይተው «ምንድን ነው አለበል፣ ጠላ ትነግዳለህ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ማሽኑን፣ ቱቦውን፣ ጤዛውን፣ የሥዕሉን መደርደሪያ። አንድ ጊዜ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር።

«እና አንተ ከታች ተኝተህ፣ ውሃውን ከላይ ሰቀልኸው?»

«አዎ አባቴ። ጠበል ነውና ከፍ ይበል ብዬ።»

«ውሃ ወዴት ነው የሚወርድ?»

«ወደ ታች።»

«ጀልባ ነጂ አይደለህም እንዴ? ይህን ከአንተ ሌላ ማን ያስተምረን?»

እየሳቁ ነበር። ከዚያ ሳቁን ትተው እንዲህ አሉኝ፤ ቃላቸውን እንዳለ ልጻፈው። «ጠበል ለመጠጣትና ለመጠመቅ ነው። በሞተር እየነፉ አፍንጫ ውስጥ እንዲያስገቡት አልተሰጠም። ጧት ባዶ ሆድህን ጠጣ፣ ተጠመቅ። ማታ ልጅህ ያዘዘችውን ውሃ ጨምር። እስትንፋስህ የእግዚአብሔር ነው ብለሃል፤ እንግዲያስ ጠብቀው። ማሽኑን አድርገህ ለመተኛት አትፈር።»

ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ከፍተን፣ ከቅጥሩ ጥግ እግር የማይረግጠው ቦታ፣ የዋንዛው ሥር አፈሰስናቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዘንቢል ቀሎኝ አያውቅም።

መሬት ያስቀምጡት ብለሽኝ ነበር። ማሽኑ አሁን ከአልጋው ዝቅ ብሎ በትንሽ በርጩማ ላይ ነው። ጫማዬን ወደ በሩ ወሰድሁት። የተጣራውን ውሃ ገዝቻለሁ። መስኮቱንም ዘጋሁት። መጀመሪያ ሌሊት ቤቱ የሌላ ሰው ቤት መሰለኝ።

ቱቦውን ጨርቅ ያልብሱት ላልሽው፦ የእናትሽን ጋቢ አለበስሁት። አትቆጪኝ። መቀሱን ይዤ ብዙ ጊዜ ቆምሁ። ከጠርዙ በኩል፣ ጥለቱን ሳልነካ፣ ስስ አድርጌ ቀድጄ ጠመጠምሁበት፤ በመርፌም ሰፋሁት። ስፌቴ ያስቃል። ቱቦው ጋቢ ለብሶ ከጎኔ ይተኛል። ጧት ስነሣ ፊቴ ደረቅ ነው። ቱቦው ውስጥ ጣቴን ሰድጄ ዳሰስሁ፤ ጠብታ የለም። ይኸው ከዚያ ወዲህ ተኝቻለሁ፣ ልጄ። እንቅልፍ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ረስቼው ነበር። በቀን ሐይቁ ይበልጥ ሰማያዊ ሆኖብኛል፤ የሳቅሁ እንደሆነ ደግሞ ሳቁ ከሆዴ ይወጣል።

ለገድሉ ስለ መንገሩ ላልሽው እስካሁን ያልመለስሁት፣ እጄ እዚህ ላይ ስለሚቆም ነው።

አልነገርሁትም። አሁን ተሽሎኛል። ከተሻለኝ ወዲያ ምን ይጠቅማል እላለሁ። ሐኪሙ እኔን ቢያየኝ ይፈቅድልኛል እላለሁ። አዘዘ ጄሶው ተፈትቶለታል፤ ታንኳም ሌላ ሠርቷል። ሰው ሁሉ ወደ ቦታው ተመልሷል። ዝም ብል የሚያውቅ አንቺና እኔ ነን።

አባ ሀብተ ሥላሴ በሩ ድረስ ሸኝተውኝ «ሌላስ አለ?» ብለውኛል። «ስለ እንቅልፌ ይኸው ነው አባቴ» አልኋቸው። ቃሉን አስተውዪው። አልዋሸሁም፣ አልተናዘዝሁምም። ቀና ብለው አዩኝና «በል እንግዲህ፣ ሌላው ሲመጣ ና» አሉኝ።

ኪዳነ ምሕረት እየቀረበች ነው። ዋዜማው ድረስ እጠብቃለሁ ብለሻል። ጠብቂኝ።

አባትሽ አለበል


ባሕር ዳር፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ፀደንያ፤

ሁሉም በሰላም ደርሰው በሰላም ተመልሰዋል። ይህን አስቀድሜ ልጻፍልሽ፤ ምን ሆኖ ነው እያልሽ እያንዳንዱን መስመር በጭንቅ እንዳታነቢ። ዛሬ ዐቢይ ጾም ገብቷል። ጠዋቱን ቤቴ ነኝ። ወደብ አልወረድሁም።

ነገሩን ከኋላ ወደ ፊት እጽፍልሻለሁ፤ ፊቱ ከባድ ስለሆነብኝ።

ትናንት ወደ ዘጌ ስንሻገር እኔ የተቀመጥሁት ከመሐል፣ ከሴቶቹና ከልጆቹ ጋር ነው። የመንሳፈፊያውን ጃኬት እንደ ማንም ተሳፋሪ አልብሰውኛል። ከጎኔ አዘዘ ነበር፤ ለክብረ በዓሉ ሊሄድ ነጭ ለብሶ። ሰው ይዘምራል፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ፀሐዩ ጀርባዬ ላይ ነው። እንቅልፍ ወሰደኝ። ትንፋሼም ቆሞ ኖሮ፣ ጎኔን የሚጎስም ነገር መጣ። «ጋሽ አለበል፣ ይተንፍሱ እንጂ! አስደነገጡኝ እኮ!» ይላል አዘዘ። ክርኑ ነው። ያ የተሰበረው ክንድ። ነቅቼ ስተነፍስ ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርሁ፤ እንዳያዩኝ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ማንም በክርኑ ነክቶኝ አያውቅም ነበር።

ለምን ተኙ ትዪኛለሽ፤ ተሽሎኛል ብዬሽ። ዋዜማው ሌሊት መብራት ጠፋ። ማሽኑ አንዴ ተነፈሰና ዝም አለ። እንዳያፍነኝ ማስኩን አወለቅሁ። ቱቦው ጋቢውን ለብሶ ከጎኔ እንደተኛ ቀረ፤ መብራቱም እስኪነጋ አልመጣም። እኔ ጥቂት ተኛሁ ስል እየታፈንሁ፣ እየነቃሁ አደርሁ። ሁሉም ነገር ልክ ነበር፦ ሙቀቱ፣ እርጥበቱ፣ መስኮቱ፣ በርጩማው። ግን መብራቱ የእኔ አይደለም። ለአንድ ወር ያህል ተሽሎኛል ያልሁት ነገር በአንድ ገመድ ተንጠልጥሎ ኖሯል።

ሌሊቱን ሙሉ ለገድሉ ስትደውዪ እንዳደርሽ ነግሮኛል፤ ትናንት ማታ ስልኩ ሲከፈት ነው ቁጥርሽን ተደርድሮ ያየው። መብራት የለምና የሱም ስልክ ሞቶ ነበር። ስለዚህ ያንቺ ቃል አልደረሰውም። እኔ ግን ይህን አላውቅም ነበር። ወደብ ስወርድ ደውለሽ ነግረሽዋል፣ አይቶኝ ፊቱን ያዞርብኛል ብዬ ነው የሄድሁት። ፊቱን ሳየው ሳቀ። «አለቤ! ና ቶሎ በል፣ ሕዝቡ ሐይቁን በእግሩ ሊሻገር ነው!»

አልሰማም ማለት ነው። እውነቱን ልጻፍልሽ፣ ያን ጊዜ ደስ አለኝ። የካቲትም ያልፋል፣ ሰኞ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፣ አንድ ሌሊት ነው ያልተኛሁ፣ ፊቴን እረጫለሁ አልሁ። ወደ መሪው ሄድሁ። ነጭ የለበሰው ሰው ወንበሩን ሞልቶታል፤ አንዲት እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ማዘያውን እያጠበቀች «ካፒቴን፣ ቀስ ብለው ይነዱልናል አይደል?» አለችኝ። «በእመቤቴ» ብዬ ልመልስላት አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ያለውን አላስታውስም። የሰማሁት የሷን ድምፅ ነው፤ «ካፒቴን? ካፒቴን?» እያለች። መሪውን ይዤ፣ ቆሜ፣ ጀልባው ገና በገመድ እንደ ታሰረ ነው።

ወረድሁ። ገድሉ ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ ብሏል። አዘዘ ከኋላው ወረፋ ይዞ ቆሟል።

«ምን ረሳህ?» አለኝ ገድሉ።

«ያን ጊዜ መሪው አልተጣበቀም ነበር።»

«የቱ ጊዜ?»

«ታንኳውን የገጨሁ ጊዜ። ተኝቼ ነበር። አሁንም ተኝቼ ነበር፣ እዚሁ ቆሜ። ሕመም አለብኝ ገድሉ፤ እንቅልፍ ነው። ልጄ ታውቃለች። አንተ እንዳታውቅ የደበቅሁ እኔ ነኝ።»

ገድሉ ቀና አለ። ገመዱ በእጁ ነው። «ሁለት ጊዜ አስፈታሁት እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለት ጊዜ! ገመዱንም ቀየርሁ!»

አዘዘ ግን ወደ እኔ አልመጣም፣ አልሸሸም። ክንዱን ይዞ ቆመ። «እኔ እኮ» አለ፣ «መሪውን ስረግም ነው የከረምሁት።»

«እኔን እርገመኝ» አልሁት።

«አሁን ቅዳሴ ሊሄድ ለቆመ ሰው ይህ ይባላል?» አለኝ። ቀጥሎም፣ ፊቱ ሳይፈታ፣ «ይሳፈሩ። ከእኔ ጋር ይቀመጣሉ። ዓይኔን ከእርስዎ ላይ አላነሣም» አለኝ።

ይቅር ማለቱ ነው ወይስ መጠበቁ፣ ገና አላወቅሁም። ሁለቱም ያስፈልጉኛል።

እኔም ማዕተቤን ከአንገቴ አወጣሁ። ቋጠሮው ከብዙ ዓመት ላብ ጠጥሮ አልፈታ አለኝ። በጥርሴ ይዤ ፈታሁት። መስቀሉን ወደ አንገቴ መለስሁ። ቁልፉን በገድሉ መዳፍ ላይ አኖርሁት።